የ14 ኪሎ ውሻ ከጅማ ወደ ፍራንክፈርት፦ አየር መንገዶች እንስሳንና መንገደኛን እንዴት ይይዛሉ?

ጥያቄ፦ ጡረተኛዋ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ጀርመን የምትኖረው ልጄ ጠቅልዬ እሷ ዘንድ እንድሄድ ስትለምነኝ ኖራለች፤ ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ደግሞ እምቢ የምልበት ምክንያት አልቀረልኝም። ያልተፈታልኝ የመከታ ጉዳይ ነው። መከታ የስድስት ዓመት የሀገር ውሻ ሲሆን፣ ባለቤቴ አንድ ክረምት ከአዌቱ ዳር በዝናብ ርሶ አግኝቶት፣ በጉያው ይዞት መጥቶ ወተት እያጠጣ ያሳደገው ነው። 14 ኪሎ ስለሚመዝን ከመቀመጫ ሥር በሚገባ ቦርሳ ሊጓዝ እንደማይችል ተነግሮኛል፤ ስለዚህ ያለው መንገድ በሳጥን ሆኖ በአውሮፕላኑ የጓዝ ክፍል መጫን ነው።

ፍርሃቴ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ልጄን ለመጠየቅ ስሄድ፣ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ተሽከርካሪ ወንበር አስቀድሜ አስመዝግቤ ነበር። አውሮፕላን በምቀይርበት ከተማ አንድ ሠራተኛ እየገፋ ወደ አንድ ጥግ አደረሰኝና «መጣሁ» ብሎኝ ሄደ። ከሁለት ሰዓት በላይ ማንም ሳይመጣ፣ ውኃ የሚያቀብለኝ ወይም የሚቀጥለው በረራዬ በየትኛው በር እንደሆነ የሚነግረኝ ሳላገኝ ተቀመጥሁ። በመጨረሻ አላፊ አግዳሚውን እየጠራሁ ጮኼ ነው በረራዬ ላይ የደረስሁት። ያን ዕለት ማታ በሐሳቤ የመጣው መከታ ነበር። ቋንቋ አውቄ፣ ትኬት ይዤ፣ አፍ አውጥቼ መናገር የምችለው እኔ እንዲህ ከተረሳሁ፣ በሳጥን የተዘጋበትን መናገር የማይችል ፍጥረት ማን ያስታውሰዋል?

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀምሬያለሁ፤ ካነበብሁት ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ከሂውስተን ወደ ኒውዮርክ በበረረ የዩናይትድ ኤርላይንስ አውሮፕላን የሆነው ነው። ከልጆቿ ጋር የምትጓዝ አንዲት እናት ለቡችላዋ የሚጠየቀውን ክፍያ ከፍላ፣ በደንቡ መሠረት ቦርሳውን ከመቀመጫ ሥር አድርጋ ሳለ፣ የበረራ አስተናጋጇ ቦርሳው ከራስ በላይ ባለው የጓዝ መደርደሪያ እንዲገባ አዘዘች። ቤተሰቡ ታዘዘ። ቡችላው ከሦስት ሰዓት በላይ በፈጀው በረራ መጨረሻ ሞቶ ተገኘ። አስተናጋጇ በቦርሳው ውስጥ ውሻ መኖሩን አላወቅሁም ነበር አለች፤ አጠገባቸው የነበሩ ተሳፋሪዎች ግን ተነግሯታል ብለው መሰከሩ።

ስለዚህ የሚያውቅበት ሰው እንዲመልስልኝ የምለምነው ይህን ነው። እንስሳ በጓዝ ክፍል ውስጥ በእርግጥ የሚያዘው እንዴት ነው? የበረራ ሠራተኛ የእንስሳዬን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ትእዛዝ ቢሰጠኝ እምቢ ማለት እችላለሁ? ክፉ ነገር ከደረሰስ ተጠያቂው ማን ነው?

መልስ 1፦ የሕርማታው የእንስሳት ሐኪም

እናቴ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በሙያዬ ልመልሰው የምችለው የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ነው፤ ሆኖም ያልጠየቁትን አንድ ነገር ማስቀደም አለብኝ፤ ብዙ ሰው ትኬት ከቆረጠ በኋላ የሚሰናከለው በእሱ ነውና።

ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታን በሚመለከት የአውሮፓ ኅብረት ቀለል ያለ አሠራር ከሚከተልላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። በመሆኑም ለመከታ በመጀመሪያ ባለ 15 አኃዝ ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር ይቀበርለታል፤ ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባት ይወጋል፤ ክትባቱን በወሰደ ቢያንስ በ30ኛው ቀን ደም ተቀድቶ ኅብረቱ ዕውቅና ወደ ሰጠው ላቦራቶሪ ይላካል፤ በደሙ ውስጥ ያለው የመከላከያ መጠን በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ፣ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው። ሲደመር ከአራት ወር ያላነሰ ጊዜ ይፈጃል። ቅደም ተከተሉን አደራ፤ ክትባቱ ከማይክሮቺፑ ቀድሞ ከተሰጠ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። በመጨረሻም ከመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የሚሰጠው የጤና የምስክር ወረቀት ከተፈረመበት ዕለት አንሥቶ በ10 ቀን ውስጥ ድንበር መድረስ አለበት። አንዱን ወረቀት አጉድሎ የሄደ ውሻ ምን እንደሚገጥመው ባይጠይቁኝ እመርጣለሁ፤ ለይቶ ማቆየት ወይም መመለስ ከሁሉ የቀለለው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። የአውሮፕላን ሆድ አየር የሌለበት በረዶ ቤት ነው የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። እንስሳ የሚጫንበት ክፍል የአየር ግፊት ከመንገደኞች ክፍል ጋር አንድ ነው። በአብዛኞቹ ጄቶች የግፊቱ ወሰን 8,000 ጫማ፣ ማለትም 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደመቆም ያለ ነው፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ የተቀመጠው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ እኛ ደገኞች ይህን አየር እናውቀዋለን። በ787 ድሪምላይነር ላይ ደግሞ ወሰኑ 6,000 ጫማ ሲሆን፣ ይህም 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከጅማ ከፍታ እምብዛም አይርቅም። መከታ በዚያ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ሆኖ የሚተነፍሰው አየር በግቢዎ ከሚተነፍሰው ብዙ የሚለይ አይሆንም ማለት ነው።

የሚያሰጋው ከሰማዩ ይልቅ ምድሩ ነው። ውሻ እንደ ሰው በመላ ቆዳው አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ስለሆነ፣ ሳጥኑ ተጭኖ እስኪያበቃ ወይም ከአውሮፕላን ወርዶ እስኪነሣ ድረስ በጠራራ ፀሐይ ከተተወ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ፐግና ቡልዶግ፣ በጤናቸውም ጊዜ አየር መሳብ ስለሚቸግራቸው ብዙ አየር መንገዶች በጓዝ ክፍል አይቀበሏቸውም። ከሂውስተን በተነሣው በረራ የሞተውም የዚሁ ወገን የሆነ የፈረንሳይ ቡልዶግ ነበር። የሀገራችን ውሻ አፍንጫው ረጅም በመሆኑ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው።

አንድ ሰው «የሚያስተኛ መድኃኒት ስጪው» ቢልዎት አይስሙት። መድኃኒቱ የደም ግፊቱንና አተነፋፈሱን ያወርዳል፤ አካሉን መቆጣጠር ያሳጣዋል፤ ችግር ቢፈጠር ደግሞ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚደርስለት ሰው የለም። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም ይህን አይመክርም። ከመድኃኒት የሚሻለው ልምምድ ነው። ሳጥኑን ዛሬ ገዝተው በሩን ከፍተው ሳሎን ያስቀምጡት፤ ምግቡን እዚያ ውስጥ ይስጡት፤ ባለቤትዎ ይለብሱት የነበረ ጋቢ ካለ ያንጥፉለት። አራት ወር ሙሉ በፈቃዱ የተኛበት ሳጥን በጉዞው ቀን እስር ቤት አይሆንበትም።

ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ስላለው መንገድም አስቡበት። በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጊቤን በረሃ በቀትር መሻገር ለውሻ ከበረራው የባሰ ፈተና ሊሆን ስለሚችል፣ በመኪና ከሆነ ሌሊት ተነሥተው ፀሐይ ሳይበረታ ጊቤን ይለፉ። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ለመብረር ከፈለጉ ደግሞ፣ በዚህ መስመር ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው አነስተኛ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ስለሆነ፣ የሳጥኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት አስቀድመው ሰጥተው መቀበላቸውን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

መልስ 2፦ የአስም ታማሚ አባት

አዴ፣ ሐዘንዎንና ለእንስሳው ያለዎትን ርኅራኄ አከብራለሁ። የሌላውን መንገደኛ ጎን የሚናገር ሰው ስላላየሁ ግን ጥቂት ልጨምር። ልጄ አስም አለባት። አንድ ጊዜ በውጭ አገር በረራ ላይ ከጎናችን ድመት የያዘ መንገደኛ ተቀመጠ፤ ቦታ እንዲቀየርልን ስንለምን የነበረችው ሠራተኛ አውሮፕላኑ ሙሉ ነው ብላ ጥላን ሄደች፤ ልጄ ያን አምስት ሰዓት መተንፈሻ መድኃኒቷን በእጇ ጨብጣ አሳለፈችው። እኔ ራሴ ሙስሊም ነኝ። ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ ከልጅነታችን የተነገረን ስለሆንን እንስሳን መበደል አይፈቀድልንም፤ ነገር ግን የውሻ ምራቅ ልብሴን ከነካ አጥቤ ካላጸዳሁት አልሰግድበትም። ይህን ለአስተናጋጅ በትሕትና ያስረዳ ሰው እንደ ነገረኛ ሊታይ አይገባውም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ውሻ በጓዝ ክፍል መጓዙ ለሁሉም ይሻላል፤ በዚያ ክፍል የሚደረግለት እንክብካቤ እውነተኛ ከሆነ። ለሚያምኑት ጎረቤት መተውንም አስበውበት እንደሆነ ልጠይቅ። ጅማ ውስጥ በደስታ የሚቀበልልዎት አይጠፋም።

መልስ 3፦ ሻንጣ ጫኙ

በአውሮፕላን ማረፊያ ጓዝ በመጫንና በማውረድ ሥራ አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። እናታችን የሚፈሩትን ነገር በዓይኔ ስላየሁ አላስተባብልም። አንድ ቀን በከባድ ፀሐይ፣ የሚጫንበት አውሮፕላን በመዘግየቱ፣ ድመት ያለበት ሳጥን ከሻንጣ ጋሪ ላይ ተረስቶ አገኘሁ፤ ባልደረቦቼ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ፈረቃ ሲቀየር አንዱ ለሌላው ሳይነግረው ቀርቶ ነው። ድመቷን ወደ ጥላ አወጣናት፤ ዳነች። ከዚያ ወዲህ ባየሁት ሁሉ ጥፋቱ የሚገባው በዚያችው ቀዳዳ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ለሚቀጥለው ሳይነግር ሲቀር። የሂውስተኑም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። የአየር መንገዱ ሰው በመግቢያው ላይ ለእንስሳው ክፍያ ተቀብሏል፤ አስተናጋጇ ግን አላወቅሁም አለች። አየር መንገዱ ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ ወስዶ፣ በኋላ እንስሳ የያዘ ቦርሳ ሁሉ በሩቁ የሚታይ ደማቅ ምልክት እንዲደረግበት ወሰነ። አንድ ቀለም ያለው ምልክት ቀድሞ ተንጠልጥሎ ቢሆን ያ ቡችላ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕያው እንስሳ ሲጫን ለካፒቴኑ በጽሑፍ ይገለጽለታል፤ ምክንያቱም በብዙ አውሮፕላኖች ላይ ለእንስሳ የሚሆነው ሙቀቱ የሚስተካከለው አንደኛው የጓዝ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠሩት ደግሞ አብራሪዎቹ ናቸው። ስለዚህ ወደ አውሮፕላኑ ሲገቡ፣ ገና በሩ ላይ፣ ለአስተናጋጆቹ ኃላፊ «ከታች ውሻዬ ተጭኗል፤ ካፒቴኑ ማወቁን እባክዎ ያረጋግጡልኝ» ይበሉ። አይፈሩ። ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛ በዚህ አይቆጣም፤ እንዲያውም ስልክ አንሥቶ ጠይቆ መልሱን ያመጣልዎታል። አውሮፕላን በሚቀይሩበትም ከተማ ይህንኑ ይድገሙት፤ እንስሳ የሚረሳው ከሁሉ ይልቅ በዝውውር ላይ ስለሆነ፣ ከተቻለ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ የሚሄድ በረራ ይምረጡ። ፍራንክፈርት እንስሳትን የሚቀበል ራሱን የቻለ ማረፊያና የእንስሳት ሐኪሞች ያሉበት አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ስለ ሳጥኑ፦ ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ባወጣው ደንብ መሠረት እንስሳው ጆሮው ጣሪያውን ሳይነካ መቆም፣ ዙሪያውን መዞርና እንደ ልቡ መተኛት መቻል አለበት፤ የውኃ ዕቃውም በሩ ሳይከፈት ከውጭ የሚሞላ መሆን አለበት። የጸጥታ ፍተሻው ካለቀ በኋላ የበሩን አራት ማዕዘን በፕላስቲክ ማሰሪያ ይሰሩት። የተፈራ ውሻ ያላላ መቀርቀሪያ ይሰብራል። የውሻውን ስም በትልቁ ይጻፉበት፤ ስሙ የተጻፈበትን ውሻ እኛ ጫኞች በስሙ ነበር የምንጠራው፤ በስሙ የተጠራ ደግሞ አይረሳም።

አንድ እውነት ግን መደበቅ አይገባኝም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ ማኮብኮቢያ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው የጃፓን አየር መንገዱ ጄት ሲቃጠል፣ በውስጡ የነበሩት 379 ሰዎች ሁሉ በሕይወት ወጡ፤ በጓዝ ክፍል የነበሩት ሁለት የቤት እንስሳት ግን ሞቱ። ሰዎቹ እንዲድኑ ከረዳቸው ነገር አንዱ ዕቃቸውን ትተው መውጣታቸው ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት ማንም ወደ ታች አይወርድም፤ አይገባምም።

መልስ 4፦ በሕግ ሙያ ላይ ያለሁ

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ ልሞክር።

እምቢ ማለትን በተመለከተ፣ አውሮፕላኑ በሩን ከዘጋ በኋላ ያለው ሥልጣን የካፒቴኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ ዓለም አቀፍ የቶኪዮ ስምምነት ለበረራው ደኅንነትና ሥርዓት ያስፈልጋል ያለውን እርምጃ በመንገደኛ ላይ እንዲወስድ ይፈቅድለታል። በአየር ላይ ከሠራተኛ ጋር መጋጨት እንደ ረብሻ ተቆጥሮ ሲወርዱ ለፖሊስ ሊያሰጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 ከቺካጎ ሊነሣ በተዘጋጀ አውሮፕላን፣ ለአየር መንገዱ ሠራተኞች ቦታ እንዲለቅ የተጠየቀ አንድ ሐኪም እምቢ በማለቱ በጸጥታ ሠራተኞች እየተጎተተ ወርዶ ፊቱ መድማቱን ዓለም አይቷል። አየር መንገዱ በኋላ ከሰውየው ጋር ተስማምቶ ጉዳዩን ዘጋ፤ ከደኅንነትና ከጸጥታ ምክንያት በቀር የሕግ አስከባሪ ጠርቶ ተሳፋሪ እንደማያስወርድም አስታወቀ። ደንቡ የተለወጠው ግን ሰውየው ከተጎዳ በኋላ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር፣ ትእዛዙ ትክክል ካልመሰለዎት በሩ ሳይዘጋ የአስተናጋጆቹን ኃላፊ ማስጠራት፣ ካልተስማሙ ደግሞ ከእንስሳዎ ጋር ለመውረድ መጠየቅ ነው። አንድ በረራ ያመልጥዎታል እንጂ የሚቀርብዎት ሌላ ነገር የለም።

ተጠያቂነትን በተመለከተ የምነግርዎ ያሳዝንዎታል። ኢትዮጵያም ጀርመንም የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት የሚወስነው፣ እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት አባላት ናቸው። ስምምነቱ የሚያውቀው መንገደኛን፣ ጓዝንና ጭነትን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ከቦነስ አይረስ ወደ ባርሴሎና በአይቤሪያ አየር መንገድ ሊጓዝ የነበረ ውሻ፣ ወደ አውሮፕላኑ ሲወሰድ ከሳጥኑ አምልጦ ጠፋ፤ ባለቤቱ ለደረሰባት የመንፈስ ጉዳት 5,000 ዩሮ ጠየቀች። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2025 በሰጠው ውሳኔ፣ ከመንገደኛው ጋር የሚጓዝ የቤት እንስሳ ከጓዝ ትርጉም ውጭ እንዳልሆነ ተናገረ፤ በጉዞው ወቅት ለእንስሳው ደኅንነት የሚያስፈልገው ሁሉ መጠበቅ እንዳለበት ግን አልዘነጋም። በመሆኑም ካሳው ለሻንጣ ከተወሰነው ጣሪያ አያልፍም። ይህ ጣሪያ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ 1,519 የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን፣ በዶላር ወደ ሁለት ሺህ ይጠጋል።

እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልግለጽ፤ ፍርድ ቤቱ ሕጉን በትክክል ተርጉሟል፤ ሕጉ ግን ጎደሎ ነው። ሻንጣ በሌላ ሻንጣ ይተካል፤ ሟች ባለቤትዎ ያሳደጉት መከታ ግን አይተካም። እስኪታረም ድረስ ስምምነቱ የተወው አንድ በር አለ። መንገደኛው ጓዙን ሲያስረክብ ዋጋው ከጣሪያው በላይ መሆኑን ልዩ መግለጫ አስገብቶ ተጨማሪ ክፍያ ከፈለ፣ የአየር መንገዱ ተጠያቂነት እስከ ገለጸው መጠን ከፍ ይላል። በአይቤሪያ የጠፋው ውሻ ባለቤት ይህን አላደረገችም ነበር። ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ቅሬታው በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት፤ ክስ የሚመሠረተው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ለአስም ታማሚዋ ልጅ አባት፦ ቦታ የመቀየር ጥያቄ በትኬት መቁረጫው ጊዜ በሐኪም ማስረጃ ተደግፎ ከተመዘገበ፣ በዕለቱ «ሙሉ ነው» ማለት ቀላል አይሆንላቸውም። አላህ ልጅዎን ይማርልዎ።

ጠያቂዋ፦ ጡረተኛዋ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአስም ታማሚዋ ልጅ አባት፣ ጎረቤትን አስቤ ነበር፤ እንዲያውም የሚወዱት ቤተሰብ አሉ። ነገር ግን ባለቤቴ ሆስፒታል በነበረበት ሦስት ሳምንት መከታን እነሱ ዘንድ አስቀምጬው፣ ምግብ አልቀምስ ብሎ ከስቶ ነው የተቀበልሁት። ልጅዎን ግን ከልብ አስቤያታለሁ፤ መከታ ከመንገደኞች ጋር እንዲገባ የሚያስችል መንገድ ቢገኝም ኖሮ አሁን አልፈልገውም።

ትኬት ለመቁረጥ ቸኩዬ ነበር፤ የሐኪሙን ጽሑፍ ካነበብሁ በኋላ ለልጄ ደውዬ ከአምስት ወር በፊት እንዳትጠብቀኝ ነግሬያታለሁ። ሳጥኑን አስለክቼ አዝዣለሁ። ለአየር መንገዱም የሳጥኑን ልክ፣ የሚጫንበትን ክፍልና ልዩ መግለጫውን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ጽፌ፣ መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ጠይቄያለሁ። ተሽከርካሪ ወንበሩንም በዚሁ ደብዳቤ አስመዝግቤያለሁ፤ በዝውውር ላይ ብቻዬን እንዳልተው ስለፈለግሁ ቀጥታ በረራውን መርጫለሁ። ማይክሮቺፑ ሰኞ ጠዋት ይገባለታል፤ ክትባቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ለሻንጣ ጫኙ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ስሙን በአማርኛ ብቻ ልጻፈው ወይስ በላቲን ፊደልም ጭምር? ፍራንክፈርት የሚያወርዱት ሰዎችም በስሙ እንዲጠሩት እፈልጋለሁ።

ሻንጣ ጫኙ

በሁለቱም ይጻፉት፤ ከሳጥኑ በሁለት ጎኑና በላዩ ላይ። ዝናብ እንዳያጠፋው በፕላስቲክ ይሸፍኑት።